ያገለገለ የመኪና ቸርኬና የደብረ ታቦር ቍልቍለት

መንገድ በተሠራበትና መኪና በሚመላለስበት አገር ሁሉ ስለ ሞተር ጕልበትና ስለ ፍሬን ብርታት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ጎማም ማለቅና አለማለቅ ባለመኪናው ከሾፌሩ ጋራ ይከራከራል። ጎማውን አቅፎ፥ መኪናውንም ከነጭነቱ ተሸክሞ ስለሚዞረው ስለ ቸርኬ ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ቸርኬ ብረት ስለ ሆነ የማይደክም ይመስላል፤ ቀለም ተቀብቶ በገበያ በተሰቀለ ጊዜም አዲሱና አሮጌው በዓይን አይለይም። ዳሩ ግን በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው ደጋ እንዲህ ያለው ቸልታ የሰውን ሕይወት የሚያስከፍል ስለ ሆነ፥ ነገሩን በዝርዝር መመልከት ይገባል።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ ከ40 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ነገር ግን ከ2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1800 ሜትር ገደማ፥ ወደ ፎገራ ሜዳ ያወርዳል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ በክምር ድንጋይ ወደ ነፋስ መውጫ ሲሄድ ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል፤ ከዚያም በጋሸና አድርጎ ወደ ወልድያ ይዘልቃል። ይህን ከወረታ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን መሐንዲሶች በመሆናቸው፥ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ የሚሳለም ምእመን፥ ከፎገራ ሩዝ የሚጭን ነጋዴ፥ ከጋይንት ወደ ባሕር ዳር ለሕክምና የሚወርድ ሕመምተኛ ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ይኸው ነው።

አንድ ሚኒባስ በዚህ ቍልቍለት ሲወርድ እያንዳንዱ እግሩ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ስለዚህ ከደብረ ታቦር ወረታ እስኪደርስ ድረስ 20 ሺህ ጊዜ ዞረ ማለት ነው። በዞረ ቍጥርም ሸክሙ ከአንዱ የቸርኬው ዘንግ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ብረቱም ለዓይን በማይታይ መጠን ይታጠፍና መልሶ ይቃናል። ጤነኛ ብረት ይህን ለብዙ ዓመት ይችለዋል። በቡሎን ቀዳዳው ዙሪያ ፀጕር የምታህል ስንጥቅ ያለችበት እንደ ሆነ ግን፥ ያች ስንጥቅ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት ትረዝማለች፤ ሾፌሩም ምንም ሳይሰማው ይቈይና አንድ ቀን በአንድ ጕድጓድ ወይም በአንድ ጠምዛዛ ላይ ቸርኬው በድንገት ይሰበራል። ስለዚህ «በዚህ ቸርኬ ሦስት ዓመት ነድቻለሁ፤ ምንም አልሆነም» የሚለው የአንዳንድ ሾፌሮች ክርክር ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ሦስቱ ዓመት የብረቱን ጤንነት ሳይሆን የድካሙን ብዛት የሚቈጥር ነውና። ደግሞም በቍልቍለት ላይ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ፥ የፊተኞቹ ሁለት እግሮች ከድርሻቸው በላይ ይሸከማሉ፤ የፍሬኑም ግለት ወደ ሞዞውና ወደ ቸርኬው ያልፋል። በሜዳ አገር ብዙ ጊዜ ሊያገለግል የሚችል ጉዳተኛ ቸርኬ በደጋ አገር ቶሎ የሚጋለጠው ስለዚህ ነው።

ከባድ ነገርን በመንኰራኵር ላይ አስቀምጦ ገደል መውረድና መውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የደብረ ታቦር ሰው ከመኪና ዘመን በፊት ያውቀዋል። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፥ ሴባስቶፖል የተባለውና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ወደ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ባለእጆቹን ያዘዟቸው መድፍ እንዲያፈሱ ብቻ ሳይሆን የሚሸከመውንም ሠረገላ እንዲሠሩ ነበር። በጅዳና በበሽሎ ገደል ላይ መንገዱ እየተቈፈረ፥ ሠራዊቱም በገመድ እየሳበና እየያዘ አሳለፈው፤ መድፉም ዛሬ ድረስ በመቅደላ ይገኛል። የዚያ ሠረገላ ፍጥነት ግን የሰው እርምጃ ነበር፤ መንኰራኵሩም ቢደክም የሚጠግነው ባለእጅ አብሮት ይጓዝ ነበር። የዛሬው ሚኒባስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ስለ እግሩ የሚያውቅ ሰው አብሮት መኖሩ ያጠራጥራል።

ያገለገለ ቸርኬ በገበያ የተፈለገበት ምክንያት የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወደደ። የውሳኔዎቹ ዓላማ ለነዳጅ የሚወጣውን ምንዛሪ መቈጠብና አገሪቱ የአሮጌ መኪና መጣያ እንዳትሆን መጠበቅ ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የበሩን መዘጋት ተከትሎ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና በመንገድ ላይ የሚቈይበት ዘመን መርዘሙ ነው። ሞተሩ ይታደሳል፥ አካሉ ይቀጠቀጣል፥ እግሩም ይለወጣል፤ የሚለወጠውም በአዲስ ሳይሆን በአዲስ አበባ በሶማሌ ተራና በመርካቶ ከተፈቱ መኪኖች ወጥቶ በሚሸጠው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋና ዕቃ ሲዘገይ ደግሞ፥ የቸገረው ባለመኪና ያገኘውን መግጠሙ የማይቀር ነው።

እዚህ ላይ በችኰላ ለመፍረድ የሚቃጣው ሰው «እንግዲያስ ያገለገለ ቸርኬ ጨርሶ አይሸጥ» ይል ይሆናል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢወጣ ከፋርጣና ከእስቴ ገጠር ሰው የሚያመላልሰው መኪና ግማሹ በቆመ ነበር፤ ቸርኬውም ከግልጽ ገበያ ወጥቶ ማንም በማያይበት ጓዳ ይሸጥ ነበር። ከዚህም በላይ በመኪናው ፋብሪካ ተሠርቶ፥ ሳይጣመምና ሳይበየድ አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ቸርኬ፥ ሌላ ሰው ለጌጥ አስመስሎ ከሠራው፥ ምልክትም ከሌለው አዲስ ቸርኬ ይሻላል። ክፋቱ ያለው በማርጀቱ አይደለም፤ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ፥ ምን እንደ ደረሰበት፥ ማንስ እንደ ጠገነው አለመታወቁ ነው። ይህን ያልታወቀ ታሪክ ደግሞ በአብዛኛው ከብረቱ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ የሚያነበው ሰው ቢገኝ።

ንባቡ የሚጀምረው ከጀርባው ነው። በደንብ የተሠራ ቸርኬ በጀርባው ወይም በዘንጎቹ ላይ ስፋቱና ቁመቱ፥ ከመካከሉ ያለው ርቀት፥ የተሠራበት ወርና ዓመት፥ እንዲሁም ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ተቀርጾበት ይገኛል። በጃፓን ሕግ ተፈትኖ ያለፈ የአሉሚኒየም ቸርኬ «ጄ ደብሊዩ ኤል» የሚል ምልክት አለው፤ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የሆነው ደግሞ በመጨረሻው «ቲ» ይጨመርበታል። ምልክቱን አስመስሎ የሚቀርጽ አጭበርባሪ ስለማይጠፋ በምልክቱ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ምልክት የሌለውን መተው ግን ቀላል ነው። በተለይ የክብደቱ ቍጥር መታየት አለበት። ሰውና ዕቃ ጭኖ 3000 ኪሎ የሚመዝን ሚኒባስ ለእያንዳንዱ እግሩ 750 ኪሎ ይደርሰዋል፤ በቍልቍለት ፍሬን ሲያዝ የፊቱ ከዚህም ያልፋል። በዚህ መኪና ላይ ከቤት አውቶሞቢል የወጣ፥ 560 ኪሎ የተጻፈበት ቸርኬ ቀዳዳው ስለ ገጠመ ብቻ የሚያስር ሰው፥ የበቅሎን ጭነት በአህያ ላይ እንደሚጭን ነው።

የቀዳዳውም መግጠም ቢሆን ብዙ ጊዜ ማታለያ ነው። የአያሌ ትንንሽ ቶዮታዎች ቸርኬ አራት ቡሎን ያለው ሲሆን የቡሎኖቹ ክበብ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ የብዙዎቹ የፊያት መኪኖች ግን 98 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም፤ ዳዶው በጕልበት ከተጠበቀም ቸርኬው የገባ ይመስላል። ነገር ግን ቡሎኖቹ ወደ ጎን ተጣመው ስለሚኖሩ አንድ ቀን ይቈረጣሉ። እንዲሁም አምስት ቡሎን ካላቸው መካከል የብዙ የጀርመን መኪኖች ክበብ 112 ሲሆን የብዙ የጃፓን መኪኖች 114.3 ነው፤ ይህንንም በመሳሳት የሚገጥሙ አሉ። በመሥመር የማይለካ ጎሚስታ እዚህ ላይ በግምት መሥራቱን ሊተው ይገባዋል።

ሁለተኛው ማታለያ የመካከሉ ቀዳዳ ነው። ፋብሪካው ለራሱ መኪና የሠራው ቸርኬ የመካከል ቀዳዳው በሞዞው ላይ ልክ ይቀመጣል፤ ለምሳሌ በቀድሞዎቹ ኮሮላዎች ላይ ይህ ልክ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ሌላ ፋብሪካ የሚሠራው ቸርኬ ግን ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ክፍተቱንም የሚሞላ ቀለበት አብሮት መሸጥ ነበረበት። ቸርኬው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያ ቀለበት በመጀመሪያው ገዢ ጋራዥ ይቀራል። ያለ ቀለበት የታሰረ ቸርኬ ከመካከሉ ጥቂት ስለሚሸሽ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ሾፌሩም የጎማው ባላንስ ጠፋ ብሎ እርሳስ ሲያስለጥፍ ይኖራል። ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የዳዶው አፍ ነው። ቶዮታ ለራሱ የአሉሚኒየም ቸርኬ የሚያዘጋጀው ዳዶ ዝርግ ሮንዴላ ያለው ሲሆን፥ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት ቸርኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ አፉ የሾጠጠ ዳዶ ይፈልጋል። አንዱ ለሌላው ከተሰጠ ዳዶው ብረቱን የሚነካው በቀጭን ጠርዙ ብቻ ይሆናል፤ ዛሬ ጠብቆ ነገ ይላላል። አዲስ የገባ ቸርኬ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተኬደበት በኋላ ዳዶው እንደ ገና መጥበቅ አለበት የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር የደረሰ ሾፌር ተሳፋሪውን እንዳወረደ ክሪኩንና መፍቻውን ማውጣት ይገባዋል።

ስንጥቅን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ጎማው ወልቆ ቸርኬው በሳሙና ይታጠባል፤ በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፥ በዘንጎቹ ሥርና በውስጠኛው ከንፈሩ ላይ ያለው ቀለም ይፋቃል። ከዚያም ላምባ ተቀብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቈያል፤ በደረቅ ጨርቅም በሚገባ ከተጠረገ በኋላ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ቀጭን እርጥብ መሥመር ይሥላል። የብረት ቸርኬ ሲሆን በገመድ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መምታትም ልማድ ነው፤ የደጋው ካህናት የድንጋይ ደወል ሲሰነጠቅ ድምፁ እንደሚታፈን ያውቃሉና ይህ አያስደንቃቸውም። ዳሩ ግን ጥሩ ድምፅ የሰጠ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ በአሉሚኒየም ላይማ ይህ ፈተና እምብዛም አይታመንም።

ከስንጥቅም የሚከፋው የተሸፈነ ስንጥቅ ነው። የተጣመመ የብረት ቸርኬ በመዶሻ ሊቃና ይችላል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተወሰነ ሙቀት ተበስሎ ስለ ሆነ፥ በያጁ በእሳት ሲያሞቀውና ሲበይደው ያ ጥንካሬ በብየዳው ዙሪያ ይጠፋል። በዘንጉ ወይም በቡሎን ቀዳዳው አጠገብ የተበየደ ቸርኬ ለምንም አይሆንም። ሻጩ ብየዳውን በሞላ ሞርዶ፥ በስቱኮ ሞልቶ፥ በብርማ ቀለም ሲቀባው ከአዲስ የበለጠ ያምራል። ስለዚህ በአሮጌ ቸርኬ ላይ አዲስ ቀለም ማየት የደስታ ሳይሆን የጥርጣሬ ምክንያት ነው፤ በተለይ ፊቱ ሳይቀባ ጀርባው በአንድ በኩል ብቻ የተቀባ እንደ ሆነ። ማግኔት ስቱኮውን በአሉሚኒየም ላይ አይለይም፤ በምስማር ጫፍ መፋቅ ግን ይለየዋል። ሻጩ «አትፋቀው» ካለ ግን ምርመራው በዚያው አልቋል።

ክብነቱን መመርመር ከሁሉ ይቀላል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ቸርኬው በሞዞው ላይ ታስሮ ይዞራል፤ አንድ ሽቦ ከከንፈሩ አጠገብ ተተክሎ ርቀቱ ይታያል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አልፎ የሚወዛወዝ ከሆነ ይተዋል።

ስለ ጭነት መኪና ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነገር አለ። በአንዳንድ የቈዩ የጭነት መኪኖች ላይ ጎማውን በቸርኬው ላይ የሚይዘው ተለይቶ የሚወጣ የብረት ቀለበት ነው። ይህ ቀለበት የዛገ፥ የተጣመመ ወይም ከሌላ ቸርኬ የመጣ ከሆነ፥ ጎማው በኮምፕሬሰር ሲነፋ ከቦታው ተፈናጥሮ በፊቱ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። አደጋው ከመንገድ በፊት በጎሚስታው ደጅ ላይ ይደርሳል ማለት ነው፤ የሚጐዳውም ብዙውን ጊዜ ነፋሱን እንዲሞላ የታዘዘው ልጅ ነው። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ጎማ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ካልተነፋ አይፈቀድም። ፍርግርጉ ከወፍራም ቱቦ በአገር ውስጥ በያጅ በአንድ ቀን ሊሠራ የሚችል ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ዋጋ ብዙ አይርቅም።

ሕጉ ስለ ኀላፊነት ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጕድለት እንደሌለበት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ በቍጥር 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 681 ተሽከርካሪ እንዲመረመር ያዛል። ኦሪት ዘዳግም እንኳ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፥ ከዚያም ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ታዛለች፤ ሠሪው ሰው ሳይወድቅ አስቀድሞ ተጠያቂ ነው ማለት ነው። ጕድለቱ በሕጉ ዘንድ ሳይሆን በምርመራው አኳኋን ሊገኝ ይችላል። መኪና በአራት እግሩ ቆሞ ሲታይ የቸርኬው ፊት እንጂ ጀርባው አይታይም፤ ከላይ የተነገረው የክብደት ቍጥር፥ ብየዳና ስንጥቅ ሁሉ ያለው ደግሞ በጀርባው ነው። ለቦሎ የሚቀርብ የሕዝብ ማመላለሻ ቢያንስ የፊቶቹ ሁለት እግሮቹ ወልቀው ጀርባቸው ቢታይ፥ የቀዳዳው ክበብና የዳዶው ዓይነት ቢረጋገጥ፥ ለአንድ መኪና ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይወስድም። በሙያ ማሠልጠኛ ተቋሞች የሚማሩ ወጣቶችም ይህን ሥራ በመርማሪው ሥር ሆነው ሊፈጽሙት ይችላሉ።

አድባራትና ሰበካ ጉባኤያትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ለላሊበላ ወይም ለሌላ በዓል ምእመናንን ለማጓጓዝ መኪና የሚከራዩ ኮሚቴዎች በዋጋው ላይ ብዙ ሲከራከሩ ይታያል፤ ስለ መኪናው እግር ግን አይጠይቁም። ባለመኪናው ቸርኬውን ከየት እንደ ገዛው እንዲናገር፥ ጉዞውም ከመጀመሩ በፊት በነበረው ቀን በጎሚስታ ዘንድ ዳዶውን አስጠብቆ እንዲመጣ በውላቸው ላይ አንድ መሥመር ቢጨምሩ፥ ወጪው ከአንድ ሰው የመሳፈሪያ ዋጋ አያልፍም። ባለመኪናውም ሁሉም ኮሚቴ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንደሚጠይቀው ካወቀ በገበያ ላይ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል።

የቀረው የወደቀው ቸርኬ ዕድል ነው። መርማሪው ያስወገደው ቸርኬ በደኅና ከተመለሰ፥ ባለቤቱ ወጪውን ለመተካት ይሸጠዋል፤ ገዢውም ሞርዶና ቀብቶ ወደ ገበያ ያወጣዋል፤ ከጥቂት ወር በኋላም ያው ቸርኬ በሌላ ሚኒባስ ላይ ታስሮ የጉናን ዳገት ሲወጣ ይገኛል። ስለዚህ የተወገደ ቸርኬ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ከመሰጠቱ በፊት በመርማሪው ፊት በመጋዝ ከከንፈሩ እስከ መካከሉ መሰንጠቅ ይኖርበታል። ባለቤቱ የብረቱን ዋጋ ያገኛል፤ ማንም ግን ዳግመኛ ጎማ አያለብሰውም።